ከአንቶኒዮ እስከ «አንጎላ»፦ በመሬትና በውርስ መዝገብ የአንድ ቤተሰብ ዘር ሲቆጠር

እንደምን አመሻችሁ። ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ ቤተሰብ ነው። ቤተሰቡ ከኛ ወገን አይደለም፤ የኖረበት ምድር ግን ዛሬ ብዙዎቻችን የምንኖርበት ነው፤ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ። ጊዜው ሁለቱም የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት የነበሩበት 17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስለ ራሴ አንድ ነገር ብቻ ልበል። እንጀራዬ የቤት ሰነድ ማጣራት ነው። ቤት የገዛችሁ ታውቃላችሁ፤ ከመፈራረማችሁ በፊት «ታይትሉ ንጹሕ ነው ወይ?» ብሎ ወደ ኋላ የሚቆፍር ሰው አለ። ማን ለማን እንደሸጠ፣ ማን ከማን እንደወረሰ፣ የማን ሚስት ሳትፈርም እንደቀረች የሚያየው እሱ ነው። ለሥራው ጥቂት አሥርት ዓመታት ወደ ኋላ መሄድ ይበቃል። ነገሩ ከጣመው ግን ሰው እዚያ ላይ አያቆምም።

ዘር ለመቁጠር ለምን በመሬትና በውርስ መዝገብ እንሄዳለን? ሌላ መንገድ እምብዛም ስለሌለ ነው። ቨርጂኒያ ልደትና ሞትን በመንግሥት ደረጃ መመዝገብ የጀመረችው በ1853 ነው። የአሜሪካ ሕዝብ ቆጠራ በ1790 ቢጀመርም እስከ 1850 ድረስ በስም የሚጠራው የቤቱ አባወራ ብቻ ነበር፤ ሚስትና ልጆች የሚገቡት በቁጥር ነው። የቨርጂኒያው የ1790 ቆጠራ ጭራሽ ጠፍቷል። ስለዚህ 1650ዎቹን ለሚፈልግ ሰው የሚቀረው የንብረት ወረቀት ነው። ልጁ መወለዱን የማያስመዘግብ ሰው እንኳ መሬቱን ያስመዘግባል።

ይህን ለኛ ሰው ማስረዳት አይከብድም። በጎጃምና በጎንደር ርስት ጠያቂው ሽማግሌ ፊት ቆሞ፣ በእናቱም በአባቱም በኩል የዘር ሐረጉን እየቆጠረ እስከ አቅኚው አባት ይወጣ ነበር። ዘሩን ቆጥሮ መሬቱን ያገኛል። እኛ ዛሬ የምናደርገው ተገላቢጦሹን ነው፤ መሬቱን ተከትለን ዘሩን እንፈልጋለን።

አንድ ልማድ አለኝ። ማንኛውንም ወረቀት ከማንበቤ በፊት «ይህ ለምን ተጻፈ?» ብዬ እጠይቃለሁ። ከእነዚህ ሰነዶች አንዱም የልጅ ልጅ እንዲያነበው ተብሎ አልተጻፈም። አንዱ ግብር ለማስከፈል፣ ሌላው ባለዕዳን ለመያዝ፣ ሌላው ጎረቤት ድንበር ስለገፋ የተጻፈ ነው። ቤተሰቡ በወረቀቱ ውስጥ የሚገባው በጎን በር ነው። ጸሐፊው ሊነግረን ያላሰበውን ነገር እዚያ እናገኛለን።

አሁን ወደ ሰውየው ልግባ።

በ1625 በቨርጂኒያ ቅኝ ግዛት ያለውን ሰው፣ እህልና መሣሪያ የሚቆጥር ዝርዝር ተዘጋጅቶ ነበር። እዚያ ላይ ቤኔት በሚባል ባለሀብት እርሻ «አንቶኒዮ፣ ጥቁር» የሚል አንድ መስመር አለ፤ በ1621 «ጄምስ» በተባለች መርከብ እንደመጣም ተጽፏል። እዚያው «ሜሪ፣ ጥቁር ሴት» ትገኛለች፤ እሷ የመጣችው በ1622 «ማርጋሬት ኤንድ ጆን» በተባለች መርከብ ነው። ስማቸውና የመርከባቸው ስም ብቻ ነው ያለው። በመካከሉ፣ መጋቢት 22 ቀን 1622፣ መሬታቸው እየተወሰደ የነበሩት የፖሃታን ሰዎች በሰፈራዎቹ ላይ ጥቃት አድርሰው በዚህ እርሻ ብቻ ከ50 በላይ ሰው ተገድሏል። አንቶኒዮ ከተረፉት ጥቂቶች አንዱ ነበር።

በ1651 ደግሞ በቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ማዶ፣ የምሥራቅ ዳርቻ በሚባለው በኖርዝሃምፕተን ካውንቲ፣ አንቶኒ ጆንሰን የተባለ ሰው 250 ኤከር መሬት በስሙ ያወጣል። ከ100 ሄክታር በላይ ነው፤ በ40 ሄክታር ጋሻ ብናሰላው ሁለት ጋሻ ተኩል ገደማ ይሆናል። እንዴት አገኘው? በዚያ ዘመን በቨርጂኒያ የአንድን ሰው የመርከብ ወጪ ከፍሎ ላመጣ 50 ኤከር ይሰጠው ነበር፤ በነፍስ ወከፍ ማለት ነው። 250 ለ50 ሲካፈል 5 ሰው ይሆናል፤ በሰነዱ ላይም አምስት ስም ተዘርዝሯል። በሚቀጥለው ዓመት ጆን ጆንሰን 550 ኤከር ወሰደ፤ 11 ሰው ማለት ነው። በ1654 ሪቻርድ ጆንሰን 100 ኤከር፤ ሁለት ሰው። ጆንና ሪቻርድ የአንቶኒ ልጆች ናቸው።

ጀማሪ ሁሉ እዚህ ጋ ይሰናከላል። ዝርዝሩ ላይ ያሉት ስሞች ቤተሰብ ወይም ሠራተኛ ይመስሉታል፤ በዚያው ዓመት ከመርከብ የወረዱም ይመስሉታል። አይደለም። ይህ የ50 ኤከር መብት ይሸጥ ይለወጥ ነበር። የዛሬ አሥር ዓመት የመጣ ሰው ስም ዛሬ የመሬት ሰነድ ላይ ሊወጣ ይችላል፤ አንድ ስም ሁለት ጊዜ የሠራበትም አጋጣሚ አለ። ዝርዝሩ የሚያረጋግጠው አንድ ነገር ነው፤ አንቶኒ ጆንሰን አምስት መብት በእጁ አስገብቶ ነበር።

ዋናው ጥያቄ ግን ሌላ ነው። የ1625ቱ አንቶኒዮ የ1651ዱ አንቶኒ ጆንሰን መሆኑን በምን እናውቃለን? ጆንሰን እዚህ አገር እንደ አሸዋ የበዛ ስም ነው። ሚስቱ ሜሪ መባሏ ጥሩ ነው፤ ግን ሜሪም ሞልታለች።

መልሱ የመጣው ከቃጠሎ ነው። የእነ ጆንሰን እርሻ እሳት ይነሳበትና ብዙ ንብረት ይወድማል። በ1653 ባልና ሚስቱ እፎይታ እንዲሰጣቸው ለካውንቲው ፍርድ ቤት ያመለክታሉ። ከ1643 ጀምሮ በቨርጂኒያ ሕግ ጥቁር ሴት የራስ ግብር ይከፈልባታል፤ ቤት ውስጥ ያለች እንግሊዛዊት ሚስት አይከፈልባትም። ፍርድ ቤቱ ሜሪንና ሁለቱን ሴት ልጆቿን ዕድሜ ልካቸውን ከዚህ ግብር ነፃ አደረጋቸው። ከምክንያቶቹ አንዱ፣ ባልና ሚስቱ በቨርጂኒያ ከ30 ዓመት በላይ የኖሩና በትጋታቸው የታወቁ መሆናቸው ነበር። እንግዲህ ቀንሱ። ከ1653 ላይ ከ30 በላይ ሲቀነስ 1621 እና 1622 ላይ እንደርሳለን፤ የሁለቱ መርከቦች ዓመት ነው። በዚያ ዘመን በቨርጂኒያ የነበሩት አፍሪካውያን በጣት የሚቆጠሩ ነበሩና፣ አንቶኒና ሜሪ የተባሉ ሌሎች ጥንዶች በዚያው ዓመት መጥተው ይሆናል ማለት ያስቸግራል። ጸሐፊው ይህን ዓረፍተ ነገር የጻፈው ለግብር ሰብሳቢ ነው። እግረ መንገዱን ግን ሁለት ሴት ልጆች እንዳሏቸው ነገረን፤ የመሬት ሰነዶቹ ላይ እነዚህ ልጆች በጭራሽ አይታዩም።

የዓመቱን ነገር ሳልረሳ። የፍርድ ቤቱ መዝገብ ላይ የተጻፈው የካቲት 1652 ነው፤ እኔ 1653 አልኳችሁ። እንግሊዞች እስከ 1752 ድረስ ዓመት የሚለውጡት መጋቢት 25 ላይ ስለነበር ጥርና የካቲት የአሮጌው ዓመት ጭራ ናቸው። ሁለት የቀን መቁጠሪያ ይዘን ለምንኖር ለኛ ይህ ብርቅ አይደለም። ይህን የማያውቁ ግን ልጁን ከወላጆቹ ጋብቻ በፊት ያስወልዱታል።

ቀጥሎ ያለው ወረቀት ይከብዳል። አንቶኒ ጆንሰን ጆን ኬዘር የተባለ ጥቁር ሰው በቤቱ ያሠራ ነበር። በ1654 ኬዘር «የመጣሁት ለሰባት ወይም ለስምንት ዓመት ኮንትራት ነው፤ ጊዜዬን ጨርሻለሁ፤ ከዚያ በላይ ሰባት ዓመት ይዞኛል» ብሎ አቤት አለ። ጆንሰን ኮንትራት የሚባል አይቼ አላውቅም፣ ሰውየው ለዕድሜ ልክ የኔ ነው አለ። መጀመሪያ ለቀቀው፤ ኬዘርም ሮበርት ፓርከር ወደሚባል ጎረቤት ሄዶ ተቀጠረ። ጆንሰን ግን ሐሳቡን ቀይሮ ፓርከርን ከሰሰ። መጋቢት 1655 ፍርድ ቤቱ ኬዘር ለጆንሰን እንዲመለስ ወሰነ።

ይህ ታሪክ በማኅበራዊ ሚዲያ «የመጀመሪያው ባሪያ ገዢ ጥቁር ነበር» እየተባለ ሲዞር አይታችሁ ይሆናል። ውሸት ነው። በ1640 ጆን ፓንች የተባለ ጥቁር አገልጋይ ከሁለት ነጮች ጋር አምልጦ ሲያዝ የቨርጂኒያ ፍርድ ቤት ለነጮቹ አራት አራት ዓመት ሲጨምርባቸው ለእሱ ዕድሜ ልክ ፈርዶበታል። የጆንሰን ቤት ያደረገውን ማድበስበስ አልፈልግም፤ አድርጎታል። ያልነበረ ማዕረግ መስጠት ግን ሌላ ነገር ነው።

ዘር ለሚቆጥር ሰው ከፍርዱ ይልቅ የምስክሩ ቃል ነው ሀብታሙ። ጎልድስሚዝ የተባለ መኮንን ትምባሆ ሊረከብ ወደ ጆንሰን ቤት ሄዶ ያየውን ሲመሰክር፣ ኬዘርን እንዲለቅ ሽማግሌውን የወተወቱት ሚስቱ፣ ሁለት ወንዶች ልጆቹና አማቹ ናቸው ይላል። አማቹ! እንግዲህ ከሁለቱ ሴት ልጆች አንደኛዋ በ1654 አግብታ ነበር። ይህን ነገር ከኑዛዜ አላገኘነውም፤ ከመሬት ሰነድም አላገኘነውም። ስለ ሌላ ሰው ነፃነት ከተደረገ ክርክር ሾልኮ ነው የወጣው። የቤተሰቡ ሰዎች በአባታቸው ላይ በአንድ ድምፅ መቆማቸውንም ያሳየናል።

ከ1665 በኋላ ጆንሰኖች ከቨርጂኒያ መዝገብ ይጠፋሉ። ችኩል ሰው «ሞቱ» ብሎ ይዘጋዋል። ሰነድ አጣሪ ግን መሬቱን ይደምራል። 250 ኤከር ነበር፤ በ1665 ላይ 200ው ተሸጧል፤ 50ው ለልጁ ለሪቻርድ ቀርቷል። ድምሩ ሞላ። የሚሞት ሰው እንዲህ አድርጎ አይሸጥም፤ ይህ ጓዙን ጠቅልሎ የሚሄድ ሰው ሥራ ነው። ድንበሩን ተሻግራችሁ ሜሪላንድ ስትገቡ፣ በሶመርሴት ካውንቲ 300 ኤከር ተከራይቶ ታገኙታላችሁ፤ የቦታው ስም «ቶኒስ ቪንያርድ»፣ የቶኒ የወይን ቦታ ነው። በሜሪላንድ እያንዳንዱ የመሬት ይዞታ ስም ይወጣለት ነበር። ይህ ለዘር ቆጣሪ በረከት ነው፤ ባለቤቱ ቢቀያየርም የቦታው ስም አብሮ ይጓዛል።

አንድ ተግባራዊ ነገር እዚህ ላይ ልጨምር። ካውንቲ ይከፈላል። ኖርዝሃምፕተን በ1663 ለሁለት ሲከፈል ሰሜኑ ክፍል አኮማክ ሆነ። ሰው ከቦታው ንቅንቅ ሳይል መዝገቡ ሌላ ፍርድ ቤት ይገባል። ካውንቲው መቼ እንደተፈጠረ ሳያዩ መዝገብ መፈለግ ጊዜ ማባከን ነው።

አንቶኒ በሜሪላንድ ሞተ። በነሐሴ 1670 በአኮማክ አንድ የሸንጎ ጉባኤ ተቀምጦ፣ ሟቹ ጥቁር ስለነበርና ስለዚህም ባዕድ ስለሆነ ለሪቻርድ የተወው 50 ኤከር ለንጉሡ ይመለስ ብሎ ወሰነ። ያው አካባቢ በ1653 ከ30 ዓመት በላይ የኖረ የተከበረ ነዋሪ ብሎት ነበር። ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ አንብቧቸው፤ በ17 ዓመት ውስጥ በዚያች አገር ምን እንደተለወጠ ማንም ሊያስረዳችሁ አያስፈልግም።

ሜሪ በኪራዩ መሬት ላይ ቀረች። በ1672 ለልጅ ልጆቿ ከብት ሰጠች፤ ሦስተኛውን ትውልድ የምናየው በዚህ የከብት ስጦታ ነው። በዚያው ዓመት ጆን ኬዘር በስሙ የከብት ምልክት አስመዝግቧል፤ ከሃያ ዓመት ግድም በኋላ አሁንም ከቤቱ ጋር ነው። በ1677 ደግሞ የአንቶኒ የልጅ ልጅ ጆን፣ የጆን ልጅ፣ 44 ኤከር ገዝቶ «አንጎላ» ብሎ ሰየመው። የቦታ ስም ብቻውን የትውልድ አገር ማስረጃ አይሆንም። ሆኖም የአያቱ የመጀመሪያ ስም ፖርቱጋልኛ ነው፤ በዚያ ዘመን ወደ ቨርጂኒያ የመጡት የመጀመሪያዎቹ አፍሪካውያንም ፖርቱጋሎች ከሚነግዱበት ከአንጎላ የተጫኑ ነበሩ። የልጅ ልጅየው አያቱ ቁጭ አድርጎ የነገረውን በመሬት ሰነድ ላይ አስጻፈው ብዬ አምናለሁ።

ስለ ውርስ መዝገብ ጥቂት ልጨምር። ሰው ኑዛዜ ካገኘ ሁሉን ያገኘ ይመስለዋል፤ ኑዛዜ ግን ብዙ ጊዜ ዝም ይላል። በቨርጂኒያ እስከ 1780ዎቹ ድረስ ሳይናዘዝ የሞተ ሰው መሬቱ ለበኩር ልጁ ነበር የሚያልፈው። ስለዚህ አባት ለታናናሾቹ ብቻ ተናዝዞ ትልቁን ሳይጠቅስ ሊያልፍ ይችላል፤ መሬቱ በሕግ ይደርሰዋልና። ስሙ የሌለው ልጅ የተካደ ልጅ አይደለም። ሚስት ደግሞ ብትጠቀስም ባትጠቀስም በሕይወት ዘመኗ የምትጠቀምበት ሢሶ መብት ነበራት። ባሏ መሬት ሲሸጥ ይህን መብት መልቀቋን ዳኛ ለብቻዋ ጠርቶ ይጠይቃታል፤ ሌላ ቦታ የሌለው የሚስት ስም ብዙ ጊዜ የሚገኘው እዚያ ነው።

ከሁሉ የምወደው የሜሪላንድን የሟች ንብረት ዝርዝር ነው። ጎረቤቶች ገብተው ድስቱን፣ አልጋውን፣ ላሟን ይገምታሉ፤ በ17ኛው መቶ ዘመን ዋጋው በትምባሆ ክብደት ይጻፍ ነበር። በ18ኛው መቶ ዘመን ዝርዝሩ ላይ ሁለት የሥጋ ዘመዶችና ሁለት ዋና ባለገንዘቦች ይፈርሙበታል። ለማጭበርበር መከላከያ ተብሎ ነው፤ ለኛ ግን ሁለት የዘመድ ስም ከነፊርማው በነፃ ተሰጠን። የዚህ ሁሉ ግልባጭ ወደ አናፖሊስ ይላክ ስለነበር፣ በ1882 የካልቨርት ካውንቲ ፍርድ ቤት ሲቃጠል የቅኝ ግዛቱ ዘመን ኑዛዜዎች ተርፈዋል። ቨርጂኒያ እንዲህ ያለ ሥርዓት ስላልነበራት የተቃጠለባት ካውንቲ ተቃጠለባት።

በዚያው ዝርዝር ውስጥ፣ ከላሟና ከድስቱ ቀጥሎ፣ ሰዎች አሉ። ስም፣ ዕድሜ፣ ዋጋ። በ1662 የወጣው የቨርጂኒያ ሕግ ልጅ የእናቱን ሁኔታ ይከተላል ስላለ፣ ኑዛዜዎቹ አንዲትን ሴት «ከነምትወልደው» ለልጅ ያወርሳሉ። ዛሬ ለብዙ ጥቁር አሜሪካውያን የቅድመ አያት ስም የሚገኘው እሷን በንብረትነት ይዣለሁ በሚል ሰው የውርስ መዝገብ ላይ ብቻ ነው። እናትና ልጅን አንድ ላይ የሚያሳየው ወረቀት የሚለያያቸውም ወረቀት ሊሆን ይችላል፤ እናት ለአንዱ ወራሽ፣ ልጅ ለሌላው። ይህን የምትፈልጉ ከሆነ የባሪያ ገዢውን ቤተሰብ ከራሳችሁ ቤተሰብ በላይ ማወቅ ይኖርባችኋል፤ ሴት ልጁ ማንን አገባች፣ የት ተዛወረች፣ ባሏ መቼ ሞተ። ደስ የሚል ሥራ አይደለም። ሌላ በር ግን ብዙ ጊዜ የለም።

አሁን ወደ እናንተ። በምሥራቅ ዳርቻ ያለው የኢስትቪል ፍርድ ቤት ከ1632 ጀምሮ ያልተቋረጠ መዝገብ አለው፤ የጆንሰኖች ወረቀት አብዛኛው ከዚያ የመጣ ነው። የቨርጂኒያ የመሬት ስጦታ ሰነዶችን በሪችመንድ ያለው የቨርጂኒያ ቤተ መጻሕፍት በኢንተርኔት በነፃ አስቀምጧል። የሜሪላንድ የመሬት መዝገብ ደግሞ በኢሜይል አካውንት ለከፈተ ሁሉ በነፃ ይታያል። ሜሪላንድ ቤት ካላችሁ የራሳችሁን ዲድ፣ ማለትም ቤቱ ወደ እናንተ የተላለፈበትን ሰነድ፣ አውጡ። በጽሑፉ መካከል ሻጩ ራሱ የገዛበት የመዝገብ ቁጥርና የገጽ ቁጥር አለ፤ ያንን ክፈቱ፤ እዚያም የበፊቱ አለ። ሰንሰለቱ ድንገት ከተበጠሰ ብዙ ጊዜ ሰው ሞቷል ማለት ነውና ወደ ኑዛዜው መዝገብ ተሻገሩ። በቂ ወደ ኋላ ስትሄዱ የቁጥር አድራሻው ይጠፋና «እንዲህ የሚባለው ቦታ ከፊሉ» የሚል ይመጣል፤ የድሮው የይዞታ ስም ነው። ፕሮጀክተሩ በርቷል፣ አካውንቴም ክፍት ነው። በአንዳችሁ ቤት እንሞክረው፤ ካውንቲውን የሚነግረኝ ማነው?